የባህል መድኃኒትና የመርሳት በሽታ ምርምር በሰሜን ሸዋ

የባህል መድኃኒትን ለመርሳት በሽታ መፈተሽ ማለት መድኃኒት ዐዋቂዎች ለአእምሮ ይበጃሉ የሚሏቸውን ዕፅዋት በቤተ ሙከራ፣ ቀጥሎ በእንስሳት፣ በመጨረሻም በሰው ላይ መርምሮ ፈዋሽነታቸውንና ጉዳታቸውን መለየት ነው። በሰሜን ሸዋ ዕውቀቱ ጥንታዊና የበለጸገ ነው፤ ፍተሻው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

ከማስታወስ ጋር ስሙ አብሮ የሚነሣው መድኃኒት አብሾ ነው። ዜማና ቅኔ የሚማሩ የአብነት ተማሪዎች ትምህርቱን በቃላቸው ለመያዝ ይጠጡት እንደነበር ይነገራል። ዋና ቅመሙ በየአጥሩ ሥርና በየቆሻሻ መድፊያው የሚበቅለው አስተናግር፣ በሌላ ስሙ አጤ ፋሪስ፣ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል፤ ሌሎች ዕፅዋትም ይገቡበታል የሚሉ አሉ። አስተናግር አበባው ነጭና እንደ መለከት አፉ የሰፋ፣ ፍሬው እሾሃም፣ ዘሩ ጥቁር ነው። የወሰደውን ሰው እንደሚያስለፈልፍ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ሲጠጣ ለሚታወክ ሰውም «አብሾ አለበት» ይባላል። ዕፁ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ይዟል። ስኮፖላሚን በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፈውን አሴቲልኮሊን ሥራውን እንዳይሠራ ያግደዋል፤ ተመራማሪዎች የሙከራ አይጦችን ለጊዜው እንዲረሱ የሚያደርጉትም በዚሁ ነው። ስለዚህ አብሾ ከአስተናግር የሚቀመም ከሆነ፣ ማስታወስን ያጎለብታል የሚለው እምነት በዚህ ንጥረ ነገር አሠራር አይደገፍም። መጠኑ ጥቂት ካለፈም ለሕይወት የሚያሰጋ መርዝ ነው።

የመርሳት በሽታ መድኃኒት ፍለጋው በአብዛኛው አሴቲልኮሊንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም በማገድ ላይ ያተኩራል። እ.ኤ.አ. በ1961 ይፋ በሆነውና የኢንዛይሙ ሥራ በቤተ ሙከራ በሚለካበት የኤልማን ዘዴ ኢንዛይሙ ሲሠራ ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል፤ ከዕፁ የወጣው ጭማቂ ኢንዛይሙን ካገደው ቢጫነቱ ይደበዝዛል። ጋላንተስ ከተባለው የአውሮፓ አበባ የተገኘው የመርሳት በሽታ መድኃኒት ጋላንታሚን ይህን ኢንዛይም በማገድ የሚሠራ ሲሆን በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። በአንጻሩ ጊንኮ የተባለው ዕፅ ከ3,000 በሚበልጡ፣ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው አረጋውያን ላይ ተሞክሮ በሽታውን እንዳልተከላከለ እ.ኤ.አ. በ2008 ተገልጿል።

በሰሜን ሸዋ በጥሩ ሁኔታ የተሠራው የምዝገባው ሥራ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአንኮበርን መድኃኒት ዐዋቂዎች ጠይቀውና ዕፅዋቱን ሰብስበው ያዘጋጁት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ከአባት ለልጅ በምስጢር ሲተላለፍ የኖረ ጥበብ በዚህ መልክ በጽሑፍ መቀመጡ ትልቅ ውለታ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ለእነዚህ ዐዋቂዎች ቅርብ ነው።

ለፍተሻ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ጊዜዋ ነው። በእኛ ሀገር ለክፉ መንፈስ የሚታጠነው ይህ ዕፅ በሕንድ አሽዋጋንዳ እየተባለ ለአእምሮ ጤና ሲወሰድ የኖረና በብዙ ጥናት የታየ ነው። ናሙናውን የሚወስድ ተመራማሪ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል፤ አዋጁ የዕውቀቱ ባለቤት የሆነው ማኅበረሰብ ከሚገኘው ጥቅም የመካፈል መብት እንዳለውም ይደነግጋል።