አደይ ስንል የትኛዋን ነው?

መስከረም ሲጠባ ይህ ጥያቄ አይቀርም፦ አደይ አበባና የመስቀል አበባ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?

አንድ ናቸው። ከዘመን መለወጫ እስከ መስቀል ስለምትደምቅ ሰው በሁለቱም ይጠራታል። በኦሮምኛ ኬሎ፣ በትግርኛ ገልገለ መስቀል ትባላለች። የሚለያየው ዝርያዋ ነው። አደይ የምንላቸው፣ የዕፅዋት አጥኚዎች ቢደንስ ከሚሉት ወገን፣ ከአንድ በላይ ዓይነት ናቸው። የአንዱ አገር አደይ ከሌላው በቅጠሏ ብትለይ አይግረማችሁ።

ቢጫ ሁሉ ግን አደይ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በኑግ አበባ ነው፤ ከሩቅ ቁርጥ እሷን ይመስላል። ኑግ ለዘይት የሚዘራ ሰብል ነው። አደይ ግን ማንም ሳይዘራት በየሜዳው ትፈነዳለች፤ እኔ የምወድላትም ይህንኑ ነው።

ወደ ሰው ስንመጣ፣ በአማርኛ ሴት ልጅ አደይ ከተባለች ስሟ ከአበባዋ ነው። በትግርኛ ደግሞ «አደይ» እናቴ ማለት ነው። ጓደኛችሁ ስልክ ይዞ «አደይ!» ካለ እናቱን እያናገረ ነው።

የከተማችን የአዲስ አበባ ስምስ? እቴጌ ጣይቱ ያወጡት «አዲስ» ብለው ነው፣ ከአደይ ጋር አይምታታ።