ስለ ኤሌክትሮኒክ የአየር ፍሬን አነሳስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ባለ ተሳቢ መኪና ሞተሩን ካስነሳ ብዙም ሳይቆይ የሐረጎን ቁልቁለት ይይዛል። ቁልፍ ከተከፈተበት ጊዜ አንስቶ መኪናው እስኪንቀሳቀስ ድረስ ፍሬኑ የሚያሳየውን ጠባይ በትክክል መረዳት፣ ለሹፌሩም ለረዳቱም የሕይወት ጉዳይ ነው።

«ቁልፍ ሲከፈት ጎማዎቹ አካባቢ ጠቅ ጠቅና ፍስ ፍስ የሚል ድምፅ ከተሰማ ቫልቩ ተበላሽቷል» ይባላል። እውነታው ተቃራኒው ነው። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) መቆጣጠሪያው ኤሌክትሪክ እንዳገኘ ራሱን ይፈትሻል፤ በየጎማው ወዳለው የአየር ማስተካከያ ቫልቭም በየተራ ለቅጽበት ኤሌክትሪክ ይልካል፤ የፍሬኑ አየር ማጠራቀሚያ ታንከር አየር ካለውና ፔዳሉ ከተረገጠ ድምፁ ጎላ ብሎ ይሰማል። ሁሉም ሥሪት በዚህ መንገድ አይፈትሽም። የሚፈትሽ ከሆነ ግን፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞና ጎማው ታኮ ተደርጎለት ሹፌሩ ፔዳሉን ረግጦ ቁልፍ ሲከፍት፣ ውጭ የቆመው ረዳት በአንዱ ጎማ በኩል ድምፁ መቅረቱን ወይም የተለመደው ተራ መዛባቱን ካስተዋለ፣ ሽቦ ተበጥሷል አለዚያም በጥገና ወቅት ተቀያይሮ ተገጥሟል ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። ይህን ያህል መረጃ ያለ አንድ መሣሪያ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

መብራቱን በተመለከተ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንዳንዱ የኤቢኤስ መብራት ሲበራ ፍሬን የለም ብሎ ይደነግጣል፤ ሌላው ደግሞ መብራቱ ከጠፋ ሁሉም ደኅና ነው ይላል። ቁልፍ ሲከፈት መብራቱ ለጥቂት ሰከንዶች በርቶ መጥፋቱ ትክክለኛው ሁኔታ ነው፤ ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሎ ወይም ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፤ ሆን ብሎ መንቀል እጅግ አደገኛ ልማድ ነው። የጎማ ሴንሰር ከተጠገነ በኋላ መኪናው ጥቂት እስኪንቀሳቀስ ድረስ መብራቱ ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል፤ መቆጣጠሪያው ሴንሰሩን የሚያምነው ጎማው ሲዞር አይቶ ነውና። ሳይጠፋ ቢቀር እንኳ ዋናው ፍሬን ብዙውን ጊዜ ይሠራል፤ የሚጎድለው ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው አገልግሎት ነው። በአንጻሩ የኤቢኤስ መብራት የሸራን (ተጭኖ ጎማውን የሚያቆመውን የፍሬን ክፍል) ማለቅ ወይም የፍሬን መላላት አይናገርም፤ ይህ ጎንበስ ብሎ መታየት አለበት።

«ደሴ ላይ አየር ቶሎ ካልሞላ ኮምፕሬሰሩ (አየር ጨምቆ ወደ ታንከሩ የሚሞላው) ደክሟል» የሚለው አባባል ብዙ ባለ ንብረትን ያለ ምክንያት ለወጪ ይዳርጋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ በአንድ ዙር የሚስበው አየርም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ከጅቡቲ የመጣ መኪና ወደብ ላይ ከሞላበት ጊዜ ዘግይቶ ደሴ ላይ ቢሞላ ተፈጥሯዊ ነው፤ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ የምትለው ኮምቦልቻም ልዩነት ታሳያለች። መጠርጠር ያለበት እዚያው ደሴ ላይ ከትናንቱ ዛሬ ሲዘገይ ነው፤ ያኔ የአየር ማፍሰስ ይፈለጋል። እንደ ሥሪቱ የአየር ግፊቱ ከ8 እስከ 12 ባር ሲሞላ የአየር ማድረቂያው እርጥበቱን በአንድ ጊዜ የሚተፋበት ድምፅ ግን ማፍሰስ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው «ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ አየር እስኪሞላ መጠበቅ አያስፈልግም» የሚለው ነው። ኤሌክትሪኩ ትእዛዙን ያፈጥናል እንጂ ሸራውን ከጎማው ጋር በሚዞረው ታምቡር ላይ የሚጫነው ኃይል አሁንም የአየር ነው። የእጅ ፍሬኑን የሚይዘው ደግሞ ጠንካራ ሞላ ነው፤ ሞላው በአየር ግፊት ሙሉ በሙሉ ተጨምቆ ፍሬኑ ካልተለቀቀ፣ በጉልበት የተነሳ መኪና ሸራውን እያሻሸ ይሄዳል። ሐረጎ ላይ የሚደርሰውም ገና ሳይወርድ በጋለ ታምቡር ነው። የአየር ማነስ ማስጠንቀቂያው ከጠፋ በኋላም ጌጁ መደበኛው መጠን ላይ እስኪደርስ መታገሥ ይገባል።

የተሳቢው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቀዩና ቢጫው የአየር ቱቦ ከተገጠሙ በቂ ነው ተብሎ የኤቢኤስ ኬብሉ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ተሳቢው በአየር ብቻ ይቆማል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥራ፣ ፍሬኑን በኤሌክትሮኒክ ከጭነቱ ጋር የሚመጥነውም ካለ እርሱ ጭምር፣ ሊቋረጥ ይችላል። ወደ ጅቡቲ ባዶውን የሚወርድ ተሳቢ በክረምት ዝናብ ጎማው ቢቆለፍ ወደ ጎን ይወረወራል። ተሳቢ ተቀጥሎ ሳለ፣ ቁልፍ ሲከፈት የተሳቢው የኤቢኤስ መብራት ለአፍታም ካልበራ፣ አምፖሉ ደኅና መሆኑ ተረጋግጦ ሶኬቱ ይከፈት፤ ፒኖቹ አቧራ ወይም ዝገት ይዘው እንደሆነ ይታይ።