የቤተ መጻሕፍት ቅጣት ቀርቷል፤ ታዲያ ለምን ክፈሉ ይሉናል?

አሜሪካ ያላችሁ የቡድናችን አባላት ይህን ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁ ባጭሩ ላስረዳ።

በብዙ ከተሞች እንዲቀር የተደረገው የመዘግየት ቅጣት ነው። የጠፋ መጽሐፍ ዋጋ አልቀረም። ሲያትልን እንውሰድ፤ እዚያ ከ2020 መጀመሪያ ወዲህ አዘግይቶ መመለስ አያስከፍልም። ልጅሽ የተረት መጽሐፉን አልጋ ሥር ረስታው ሳምንት ዘግይቶ ቢመለስ፣ ሂሳቡ ዜሮ ነው። ጨርሶ ካልተመለሰ ግን እንደ ጠፋ ይቆጠርና ዋጋው ይመጣል።

«ጥቁሮች ስለማይመልሱ ነው ያስቀሩት» የሚል ወሬም አይቻለሁ። ውሸት ነው። ሳን ፍራንሲስኮ በ2019 ባወጣችው ጥናት፣ ማዘግየቱ በሀብታሙም በድሃውም ሰፈር ተቀራራቢ ነበር። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። አንዱ የባንክ ካርዱን መዥረጥ አድርጎ ይከፍላል፣ ይረሳዋል። ሌላው አሥር ዶላሩን ለወተት ይፈልገዋል። ዕዳው ሲጠራቀም የቤተ መጻሕፍት ካርዱ ይታገዳል፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፍ መዋስ የለም። ብዙ ጥቁሮች በሚኖሩበት በቤይቪው ሰፈር የታገደው ባለካርድ ድርሻ ከአብዛኞቹ ሀብታም ሰፈሮች ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። ሕጉ ዘር አይጠራም፤ ውጤቱ ግን ዘር ለይቶ ነበር የሚያርፈው። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበርም በዚያው ዓመት ቅጣቱን የማኅበራዊ ኢፍትሐዊነት መልክ ብሎታል።

በስንት ቀን «ጠፋ» እንደሚባልና የድሮ ዕዳ መሰረዝ አለመሰረዙ በየከተማው ይለያያል። መቅጣት ያልተዉ ከተሞችም አሉ። ስለዚህ የራሳችሁን ቅርንጫፍ ጠይቁ። ካርዴ ታግዷል ብላችሁ የቀራችሁ ካላችሁም ሂዱና አሳዩአቸው፤ ዕዳው ተሰርዞ ሊሆን ይችላል።