«የጭንቀት ስኳር» ምንድን ነው?

«ስኳርህ የጭንቀት ነው፤ ስትረጋጋ ራሱ ይወርዳል፤ መድኃኒት ምን ያደርግልሃል?» ይህ ምክር ከልክ በላይ ተደጋግሟል። የሚሰጡት ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም። ግን ጭንቀት ሲባል ሐሳብና ብስጭት ብቻ ይመስላቸዋል፤ አደጋውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ለሰውነት ጭንቀት ማለት አደጋ ላይ ነኝ ብሎ እንዲነሣ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ነው፤ የሳንባ ምች፣ መግል የቋጠረ ድድ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ቃጠሎ፣ ቀዶ ሕክምና፣ እንቅልፍ ያጣ ሌሊት፣ ንዴትም ጭምር። ያኔ ከሚለቀቁት ሆርሞኖች አድሬናሊን በደቂቃዎች፣ ኮርቲዞል በሰዓታት ውስጥ ስኳሩን ከፍ ያደርጋሉ።

ስኳሩ የሚመጣው ከጉበት ነው። ጉበትን እንደ ጎተራ አስቡት። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ የሚዘዋወረው ስኳር 5 ግራም ገደማ ነው፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም። ጎተራው ግን ወደ 100 ግራም ይይዛል። ክፉ ቀን መጣ ሲባል ይከፈታል፤ ክፉ ቀኑ የሳንባ ምች ይሁን የቤት ኪራይ ሐሳብ አይጠይቅም። በሩን ገርበብ አድርጎ የሚይዘው ኢንሱሊን ነው፤ የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ግን ይህ በረኛ ወይ ደክሟል ወይ የለም። ጎተራው ቢራቆት እንኳ ጉበት ከጡንቻ በሚመጣ ፕሮቲን አዲስ ስኳር ይሠራል፤ እህሉ ያለቀበት ሰው የቤቱን ምሰሶ ነቅሎ እንደ መሸጥ ነው።

እንግዲህ «ምንም ሳልበላ ስኳር ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ትኩሳት የያዘው ሰው የምግብ ፍላጎቱ ሲጠፋ «አልበላሁም» ብሎ ኢንሱሊኑን ያቆማል። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህን ሲያደርግ በአንድ ቀን ውስጥ ደሙ በኬቶን፣ ማለትም ሰውነት ኢንሱሊን አጥቶ ስብ ሲያቃጥል በሚፈጠር አሲድ፣ ሊመረዝ ይችላል። ረጅም ጊዜ የሚሠራው ኢንሱሊን በሕመም ቀን አይቋረጥም፤ ከምግብ ጋር የሚወሰደው ነው እንደ አበላሉ የሚስተካከለው። ስኳር በየ2 እስከ 4 ሰዓት ይለካ። ከ250 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ ሆኖ ከቆየ በደም ወይም በሽንት ኬቶን ይታይ። የሚያስመልሰው፣ ውሃ የማይረጋለት፣ ትንፋሹ የፈጠነና የጠለቀ ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይግባ።

ክኒን ላይ ደግሞ ሕጉ ይለያል። ትውከትና ተቅማጥ ሰውነትን ሲያደርቁት ሜትፎርሚን ለጊዜው ይቆማል። ስኳርን በሽንት የሚያስወጡት ኤምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚንም እንዲሁ፤ እነዚህ ሁለቱ ስኳሩ ብዙም ሳይጨምር ኬቶን ሊያስነሡ ይችላሉ። ስለዚህ «ስኳሬ 180 ነው፤ ደህና ነኝ» ማለት አይበቃም። መቼ መልሶ እንደሚጀመር ሐኪሙ ይወስናል።

የጭንቀት ስኳር የሚባል ነገር የለም ማለቴ ግን አይደለም። የስኳር ሕመም የሌለበት ሰው በጽኑ ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ ስኳሩ ከ140 በላይ ሊወጣና ሲድን ሊመለስ ይችላል። ችግሩ፣ ከእነዚሁ መካከል ሳያውቁት ከስኳር ጋር የኖሩ መኖራቸው ነው። የሚለያቸው ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ የተባለው የደም ምርመራ ነው፤ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ነገሩ ከሕመሙ በፊት የጀመረ ነው። በቅርቡ ደም ለተሰጠው ወይም ብዙ ለደማ ሰው ግን ይህ ምርመራ ያሳስታል፤ ከዳነ በኋላ በባዶ ሆድ ይለካ። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ጠዋት የሚወስድ ሰው ደግሞ በባዶ ሆድ ደህና ሆኖ ከሰዓት በኋላ ስኳሩ ሊያሻቅብ ስለሚችል፣ የጠዋቱን ብቻ አይቶ አይረጋጋ።

የሐሳብ ጭንቀት ራሱ በሁሉም ሰው ላይ አንድ ዓይነት አይሠራም። ዓይነት 2 ላይ አብዛኛውን ጊዜ ስኳሩን ከፍ ያደርጋል፤ ዓይነት 1 ካለባቸው መካከል የሚወርድባቸውም አሉ። ደግሞም መንቀጥቀጥ፣ ላብና የልብ መምታት የስኳር ማነስ ምልክቶችም ናቸው፤ በጭንቀትም በስኳር ማነስም አድሬናሊን ስለሚለቀቅ በስሜት ብቻ መለየት አይቻልም። እንዲህ ያለውን ሰው «ተረጋጋ» ከማለት በፊት ስኳሩን ለኩለት። ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ስኳር በውሃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይለካ። የልብ ምትን የሚያረጋጋውን ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው ላይ መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ ሊደበቁ ይችላሉ፤ ላቡ ግን ይቀራል።

ከመለካት በፊት እጅ በውሃ ይታጠብ። ጣት ላይ የቀረ የፍራፍሬ ጭማቂ ብቻውን ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ያንንም ጭንቀት ነው የሚሉ አሉ።