ቢ-ሙቪ ምንድን ነው? «ቢ» የፈተና ውጤት አይደለችም

የአሜሪካዊው ተዋናይ የጆን ዌይን የ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጫጭር የካውቦይ ፊልሞች በተነሱ ቁጥር «ቢ ማለት ሁለተኛ ደረጃ፣ ያልተዋጣለት ፊልም ነው» የሚል አስተያየት ሰጪ አይጠፋም። ስህተት ነው። ፊደሏ የምትናገረው ስለ ጥራት ሳይሆን ስለ ተራና ስለ ክፍያ ነው።

በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ማሳየት ለመዱ። ዋናው፣ «ኤ»ው፣ ከትኬት ገቢው በመቶኛ ይካፈል ነበር፤ አጃቢው «ቢ» በቁርጥ ዋጋ ይከራይ ነበር። መሬትን ለእኩል በመስጠትና በቁርጥ በማከራየት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ለእኩል የሰጠ ምርቱ ሲያምር ድርሻው ስለሚያድግ ዘርም ማዳበሪያም ያዋጣል። በቁርጥ ያከራየ ግን ዝናቡ ቢሰምርም በረዶ ቢመታውም የሚቀበለው ያው ነው፤ ለማሳው የሚያወጣው ሁሉ ከኪሱ ይጎድላል። የቢ-ፊልም አምራችም ገቢው አስቀድሞ የታወቀ ስለነበር የሚያተርፈው ከወጪው ቆጥቦ ብቻ ነበር።

ርዝመቱም ከዚሁ ይመጣል። አንድ የፊልም ጥቅል 1,000 ጫማ ነው፤ በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲሄድ 11 ደቂቃ ገደማ። እንደነዚህ ላሉ አጫጭር ፊልሞች አምስት ጥቅል ማለት 55 ደቂቃ ነው፤ ቀረጻውም በሳምንት ገደማ ያልቅ ነበር።

ቁጠባውን በዓይን ማየት ለሚፈልግ፣ የፊልም ኩባንያው ዋርነር ብራዘርስ በ1932 እና በ1933 ከዌይን ጋር ያወጣቸው ስድስት ካውቦይ ፊልሞች አሉ። ብዙው ትልልቅ የግልቢያ ትዕይንት ከሌላው የካውቦይ ተዋናይ ከኬን ሜይናርድ የቀደሙ ድምፅ አልባ ፊልሞች ተቆርጦ የገባ ነው። ዌይን የሜይናርድን የሚመስል ልብስ ለብሶ፣ የእሱን የመሰለ ነጭ ፈረስ ላይ ወጥቶ፣ አዲስ የሚቀረጸው የቅርቡ ምስል ነው። አክተሩ ከሩቅ ሲጋልብ ድንገት ከፈጠነባችሁ አሮጌው ቀረጻ ላይ ናችሁ፤ ድምፅ አልባ ፊልም ብዙ ጊዜ በሴኮንድ ከ24 ባነሰ ፍሬም ይቀረጽ ስለነበር በ24 ሲታይ ይፈጥናል። ይህ የአርታኢ ሙያ ነው፤ ዘር ሳይገዙ ካለፈው ዓመት ጎተራ እንደ መዝራት።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ፦ ዌይን ከ1933 እስከ 1935 የሠራቸው የሎን ስታር ኩባንያ ፊልሞች ሲወጡ ከመክፈቻና ከመዝጊያው በቀር ሙዚቃ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። ኢንተርኔት ላይ በሚገኙ ብዙ ቅጂዎች የምትሰሙት የሲንተሳይዘር (የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ) ሙዚቃ በ1980ዎቹ የተለጠፈ ነው። «ሙዚቃው ራሱ ቢ መሆኑን ያሳብቃል» የሚለው ክርክር ፊልሙን ሌላ ሰው ኋላ ባስገባው ድምፅ መክሰስ ነው።