የባልቲሞር ስታሊየንስ ቲፎዞዎች

ባልቲሞር ስታሊየንስ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ በባልቲሞር ከተማ ለሁለት የውድድር ዘመን ብቻ የኖረ የፉትቦል ክለብ ነው። ክለቡ የአሜሪካ ቢሆንም የተጫወተው በካናዳ ሊግ ነበር። በ1994 ተቋቋመ፣ በ1995 የሊጉን ዋንጫ በላ፣ በ1996 መጀመሪያ ከተማዋን ለቆ ሄደ። (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፉትቦል ስንል እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ ማለታችን አይደለም። የራስ ቁር አጥልቀው፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚጋጩበትን የሰሜን አሜሪካ ጨዋታ ነው።

ስለ ክለቡ ብቻ ቢሆን ወሬው በአንድ አንቀጽ ባለቀ ነበር። ቲፎዞው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ያ ሕዝብ ስታዲየም የሞላው ለዚህ ክለብ ብሎ ነበር ወይ ቢባል፣ መልሱ ግማሽ አዎ፣ ግማሽ አይደለም ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ወደ ኋላ ሄዶ ነው። ባልቲሞር ከ1953 ጀምሮ በትልቁ የአሜሪካ ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ ኮልትስ የሚባል ክለብ ነበራት። ኮልት ማለት ውርንጫ ነው። በ1958 ኮልትስ ኒውዮርክ ጃያንትስን በተጨማሪ ሰዓት 23 ለ 17 ረትቶ ዋንጫ የወሰደበት ጨዋታ እስከ ዛሬ ይወራለታል። ጆኒ ዩናይተስ የተባለውን ኮከብ ያላወቀ ሰው በከተማዋ አልነበረም። ክለቡ የሚጫወትበት ሜሞሪያል ስታዲየም በጩኸቱ የተነሳ «በዓለም ትልቁ ጣሪያ የሌለው የእብዶች ቤት» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል።

ከዚያ መጋቢት 1984 መጣ። የክለቡ ባለቤት ሮበርት ኢርሴይ በስታዲየም ጉዳይ ከከተማዋ ጋር ሲነታረክ ቆይቷል። ከተማዋ ክለቡን በሕግ መውረስ የምትችልበት ረቂቅ በግዛቲቱ ምክር ቤት ሲንቀሳቀስ ሰውዬው አልጠበቀም። መጋቢት 28 ሌሊት፣ በረዶ እየጣለ፣ የዕቃ ማጓጓዣ መኪኖች ተደርድረው የክለቡን ንብረት ጭነው ወደ ኢንዲያናፖሊስ ነዱ። ሕዝቡ ጠዋት ሲነቃ ክለብ የለም። ስሙም፣ ሰማያዊው ቀለምም፣ ታሪኩም አብሮ ተጭኗል። ባልቲሞርን ያንገበገባት ከሁሉም በላይ የስሙ ነገር ነበር።

አንድ ነገር ግን መኪናው ላይ አልተጫነም። ኮልትስ ከ1947 ጀምሮ የራሱ ማርሽ ባንድ ነበረው። በዚያች ሌሊት የባንዱ ዩኒፎርም ላውንደሪ ውስጥ ነበር። የባንዱ ሰዎች ፈጥነው አወጡትና አንድ መቃብር ስፍራ ውስጥ ደበቁት። በኋላም እንዲያስቀሩት ተፈቀደላቸው። ከዚያ በኋላ ይህ ባንድ ክለብ ሳይኖረው ልምምድ ሲያደርግ፣ በየሰልፉ ሲወጣ፣ በሌሎች ከተሞች ጨዋታ በዕረፍት ሰዓት ሲነፋ ከአሥር ዓመት በላይ ኖረ። ስሙንም አልቀየረም። የባልቲሞር ኮልትስ ማርሽ ባንድ። የደጋፊ ማኅበራቱም እንዲሁ አልፈረሱም። ክለቡ በሌለበት ስብሰባ ይቀመጡ ነበር። ከሩቅ ላየው ያስቃል፤ ለእነሱ ግን ቤት መጠበቅ ነበር።

በ1993 ኤንኤፍኤል ሁለት አዲስ ክለቦች ሊጨምር ሲል ባልቲሞር ተወዳደረች። ዕድሉ ለሻርሎትና ለጃክሰንቪል ተሰጠ። ቁስሉ ላይ ጨው ተነሰነሰ።

በዚህ ሰዓት ነው ጂም ስፔሮስ የተባለ ነጋዴ ብቅ ያለው። የካናዳው ሊግ ገንዘብ አጥሮት ስለነበር ወደ አሜሪካ ከተሞች መስፋፋት ጀምሮ ነበር። ስፔሮስ በ1994 መጀመሪያ ለባልቲሞር አንድ ቦታ ገዛ። ሜሞሪያል ስታዲየም ያን ጊዜ ያለ ዋና ተከራይ ነበር፤ የቤዝቦሉ ክለብ ኦሪዮልስ በ1992 ወደ አዲስ ስታዲየም ገብቷል። ሰውዬው ለአዲሱ ክለብ ያወጣው ስም ግን ከሁሉም ብልህ ነበር፦ ባልቲሞር ሲኤፍኤል ኮልትስ። ሲኤፍኤል የካናዳ ሊግ ምህጻር ነው። ማኅበራቱ ነቁ፣ ባንዱም አገር ምድሩ የሚሰማው ሥራ አገኘ።

ኢንዲያናፖሊስና ኤንኤፍኤል ዝም አላሉም። ስሙ የእኛ ነው ብለው ከሰሱ። የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ፍርድ ቤት ስሙን አገደ። ነሐሴ ላይ የይግባኙ ችሎት፣ በዳኛ ሪቻርድ ፖስነር ብዕር፣ እገዳውን አጸና። ምክንያቱ ገበያተኛው ሁለቱን ክለቦች ያምታታል የሚል ነበር። (በነገራችን ላይ በባልቲሞር የሚምታታበት ሰው ማግኘት የሚቻል አይመስለኝም። ማን እንደሄደና ማን እንደመጣ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።) ክለቡ የመጀመሪያውን ዓመት የተጫወተው በቅጡ ስም ሳይኖረው ነው።

ቲፎዞው መላ አላጣም። የስታዲየሙ አስተዋዋቂ ቡድኑን ሲጠራ «የእናንተው ባልቲሞር ሲኤፍኤል...» ይልና ትንፋሽ ይወስዳል። በዚያች ክፍተት ስታዲየሙ በሙሉ «ኮልትስ!» ብሎ ያጓራል። ፍርድ ቤቱ ያገደው ክለቡን እንጂ የሕዝቡን አፍ አይደለም። ይህ በየጨዋታው ይደገም ነበር። ለእኔ የዚህ ክለብ ታሪክ በሙሉ ያለው በዚያች የሁለት ሰከንድ ዝምታ ውስጥ ነው።

ቁጥሩም ይመሰክራል። የመጀመሪያውን የሜዳቸውን የሊግ ጨዋታ፣ ሐምሌ 1994 ከካልጋሪ ጋር፣ 39 ሺህ ግድም ሰው አየው። በሰፊ ልዩነት ተሸነፉ፤ ሰው ግን ተመልሶ መጣ። በዓመቱ አማካይ ተመልካቹ ከ37 ሺህ በላይ ነበር፣ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ። በዚያው ዓመት የላስ ቬጋሱ የካናዳ ሊግ ክለብ 3 ሺህ ሰው እንኳ ያልሞላበት ጨዋታ አድርጓል። ዕድልም አግዟቸዋል። ነሐሴ ላይ የቤዝቦል ተጫዋቾች አድማ መትተው ሊጉ ስለተቋረጠ በከተማዋ የሚታይ ሌላ ትልቅ ጨዋታ አልነበረም።

ጨዋታው ራሱ ለሕዝቡ አዲስ ነበር። የካናዳው ሜዳ ሰፋ ይላል፤ ርዝመቱ 110 ያርድ ነው፣ የአሜሪካው 100። ተጫዋቾቹ 11 ሳይሆኑ 12 ናቸው። አሥር ያርድ ለመሄድ የሚሰጠው ሙከራ አራት ሳይሆን ሦስት ነው። ዕድሜውን ሙሉ አራት የቆጠረ ቲፎዞ በሦስተኛው ኳሱ ሲመታ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። በቡድኑ ግን አላፈረም። በአሠልጣኝ ዶን ማቲውስና በኳስ አከፋፋዩ ትሬሲ ሃም የሚመራ ጠንካራ ቡድን ነበር። ማይክ ፕሪንግል በ1994 ኳስ ይዞ 1,972 ያርድ ሮጧል፣ ያን ጊዜ የሊጉ ክብረ ወሰን ነው። ካናዳውያኑ በአንድ ነገር ያጉረመርሙ ነበር። የእነሱ ክለቦች የአገር ልጅ በኮታ ማሰለፍ ግዴታቸው ነበር፣ የአሜሪካዎቹን ግን ኮታው አይመለከታቸውም ነበር። ቅሬታው እውነት አለው።

ባልቲሞር በመጀመሪያው ዓመት ለዋንጫ ፍጻሜ ደረሰች። የካናዳ ሊግ ዋንጫ ግሬይ ካፕ ይባላል። እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው የአሜሪካ ክለብ ነው። ቫንኩቨር ላይ ከቢሲ ላየንስ ጋር 23 እኩል ሆነው ሳለ የላየንሱ ሉዊ ፓሳግሊያ በመጨረሻዋ ምት ኳሷን በምሰሶዎቹ መሃል አሳለፋት። 26 ለ 23።

በ1995 ክለቡ በመጨረሻ ስም አገኘ፣ ስታሊየንስ። በአማርኛ ድንጉላ ማለት ነው። ውርንጫው ቢከለከል ያደገውን ፈረስ አመጡ። ቡድኑ ከ18 ጨዋታ 15ቱን አሸነፈ። ተመልካቹ ግን ቀነሰ፤ አማካዩ ወደ 30 ሺህ ወረደ። አዲስነቱ አልቆ ነበር፣ «ኮልትስ!» የሚባልበት ቀዳዳም እንዲሁ። ያኔም ቢሆን ይህ ለሊጉ ትልቅ ቁጥር ነበር።

ኅዳር 6 ቀን 1995 የክሊቭላንድ ብራውንስ ባለቤት አርት ሞዴል ክለቡን ወደ ባልቲሞር እንደሚያመጣ አስታወቀ። ኤንኤፍኤል ሊመለስ ነው። ስታሊየንስ ያን ሰዓት በማጣሪያው መሃል ነበር። ከስድስት ቀን በኋላ በሜዳው ሳን አንቶኒዮን አሸንፎ ለፍጻሜ አለፈ። ኅዳር 19 ሬጂና ላይ፣ ሰው የሚያንገዳግድ ነፋስ እየነፈሰ፣ ካልጋሪን 37 ለ 20 ረታ። ግሬይ ካፕን ያነሳ የአሜሪካ ክለብ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። በከተማዋ ግን የሰው ወሬ ሁሉ ስለ አዲሱ መጪ ነበር።

አንዳንዶች ይህን ሲያነሱ የባልቲሞርን ሰው ከዳተኛ ያደርጉታል። ፍርዱ የከበደ ይመስለኛል። ያ ሕዝብ ለአሥር ዓመት የጠበቀው ኤንኤፍኤልን ነበር፣ አልደበቀውም። ስታሊየንስም ያደገው በዚያ ናፍቆትና እልህ ላይ ነው። ግን ክሊቭላንድ ላይ የደረሰው ራሷ ባልቲሞር ላይ የደረሰው እንደነበር ማንም አልሳተውም። ልዩነቱ ክሊቭላንድ ተሟግታ ስሟን፣ ቀለሟንና ታሪኳን ማስቀረቷ ነው።

ስፔሮስ በ1996 መጀመሪያ ክለቡን ወደ ሞንትሪያል ወሰደ፣ እዚያም አሉዌትስ ተባለ። ሌሎቹም የአሜሪካ ክለቦች በዚያው ፈረሱ። አሉዌትስ የ1995ቱን ዋንጫ ከራሱ ዋንጫዎች ጋር አይቆጥረውም። ዋንጫው በመዝገብ ላይ ቢኖርም ወራሽ የለውም።

ባልቲሞር ለመጣላት ክለብ ስም መረጠች። በስልክ በተሰጠ የሕዝብ ድምፅ ሬቨንስ፣ ማለትም ቁራዎቹ፣ አሸነፈ። ሬቨንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እዚያው ሜሞሪያል ስታዲየም ተጫወተ። ማርሽ ባንዱም ለአዲሱ ክለብ ነፋ፣ ግን በአሮጌው ስሙ። ኮልትስ የሚለውን ያወረደው በ1998፣ ሬቨንስ አዲስ ስታዲየም ሲገባ ነው።