ባህልን ያገናዘበ ማስተማር በጅማ ትምህርት ቤቶች

ባህልን ያገናዘበ ማስተማር ማለት ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ቋንቋ፣ ሥራና ወግ የትምህርቱ መነሻ ማድረግ ነው። ሐሳቡን በትምህርት ጥናት ውስጥ በስፋት ያሳወቁት አሜሪካዊቷ ምሁር ግሎሪያ ላድሰን-ቢሊንግስ ናቸው፤ በ1995 እ.ኤ.አ.። ሌላዋ አሜሪካዊት ምሁር ጄኔቫ ጌይ ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. አሰፉት። ሁለቱንም ያሳሰባቸው በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች «ደካማ» እየተባሉ የሚታለፉት የጥቁርና የሌሎች ነጭ ያልሆኑ ቤተሰቦች ልጆች ጉዳይ ነበር።

ጅማ ለዚህ ሐሳብ የተመቸች ከተማ ናት። ድሮም የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ካለበት ከጅሬን በታች ባለው የሂርማታ ገበያ ዙሪያ ነው ያደገችው። ዛሬም ኦሮሞው፣ የሙ፣ ዳውሮው፣ ከፋው፣ ጉራጌውና አማራው በአንድ ሰፈር ይኖራል። ልጁ ቤት ውስጥ አንድ ቋንቋ ይሰማል፣ ኳስ ሜዳ ላይ ሌላ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቅዷል። በከተማዋ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም የሚማሩ ልጆች አሉ። ግን ቋንቋው ተስተካከለ ማለት ሁሉ ነገር አለቀ ማለት አይደለም።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ የተማረ ልጅ እንግሊዝኛ ሲያነብ «ቦክስ» የሚለውን ቃል «ቦጥ» ይለዋል። ክፍሉ ይስቃል። ልጁ ግን አልተሳሳተም፤ በቁቤ «ኤክስ» የምንለው ፊደል «ጥ» ነው የሚነበበው። «ሲ»ም እንደዚሁ «ጭ» ነው። ይህን የሚያውቅ አስተማሪ «ጎበዝ፣ በቁቤ ትክክል ነህ፤ እንግሊዝኛው ግን እንዲህ ይለዋል» ብሎ ሁለቱን ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ይጽፍለታል። የማያውቀው ይቆጣዋል። ልጁም ከዚያ ወዲያ እጁን አያወጣም።

በቃል መያዝም እንዲሁ ነው። ቁርአን ቤት የዋለ ልጅም፣ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረ ልጅም ረጅም ነገር በቃሉ መያዝ ለምዷል። ይህ ችሎታ «ሽምደዳ» ተብሎ ከሚናቅ፣ የማባዛት ሠንጠረዥ ቢጀመርበት ይሻላል። እንቆቅልሽም አለ፤ በኦሮምኛ ሂቦ። ልጅ ሁሉ ይወደዋል።

በብዙ ትምህርት ቤት ባህል የሚታወሰው ኅዳር 29፣ በብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ነው። ልጆች የአገር ልብስ ለብሰው ይጨፍራሉ፣ ደስ ይላል፣ በማግስቱ ሒሳቡ ወደ ነበረበት ይመለሳል። እኔ ዋናው ነገር እዚያ ሒሳብ ውስጥ መግባት ነው እላለሁ። እርግጥ ክፍሉ በልጅ የታጨቀ ነው፣ መምህሩም መጽሐፉን ለመጨረስ ይሯሯጣል። ቢሆንም ብዙ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። በቡና ለቀማ ወቅት ብዙ ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ቡና ላይ ነው የሚውለው። ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ሚዛን አጠገብ ቆሞ ተምሯል። «5 ፈረሱላ ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) ስንት ኪሎ ነው?» ብለው ይጠይቁት። 85 ለማለት እርሳስ አያነሳም።